ሂተሩ ወልቆ ነበር

ጋምቤላ ውስጥ የመኪናውን ሂተር የሚያስጠግን ሰው ካያችሁ፣ ወይ ትንሽ ነካ አድርጎታል፣ ወይ ወልደሥላሴ ነው። የከተማው የኒውላንድ ሰፈር ሾፌሮች እንዲህ እያሉ ይሳለቁ ነበር። አልተሳሳቱም። ዶሮ እንኳን አፏን ከፍታ እያለከለከች በምትውልበት ከተማ፣ ሙቅ አየር የሚተፋ ሳጥን ለማን ምን ይረባዋል? ስለዚህ የከተማው መካኒኮች ከደጋ የመጣ መኪና ሂተሩ ማፍሰስ ሲጀምር መጠገን የሚባል ነገር አያውቁም። ከሞተሩ ወደ ሂተሩ የሚሄዱትን ሁለት የጎማ ቱቦዎች ይነቅሉና ጫፍ ለጫፍ ያገናኟቸዋል። ውሃው ሂተሩን ሳይነካ ወደ ሞተሩ ይመለሳል፤ ባለመኪናውም አመስግኖ ይሄዳል። የጋምቤላ አሠራር ይሄ ነው፤ ግማሽ ሰዓትም አይፈጅም።

የእሙዬን ታሪክ ከዚህ የምጀምረው ወድጄ አይደለም። በሕይወቷ የተሠራባት ትልቁ ግፍ ያለው በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው።

እሙዬ አዋላጅ ነርስ ናት። ጎሬ ተወልዳ፣ ጎሬ አድጋ፣ ወልደሥላሴን አግብታ ወደ ጋምቤላ የወረደችው ገና በልጅነቷ ነው። ከዚያ ወዲህ በጤና ጣቢያው ስንቱን ሕፃን ተቀብላለች! ገበያ ስትወጣ «ሲስተር» ብሎ የማይስማት የለም። ምጥ የያዛትን ሴት በኑዌርኛ ማባበል፣ በር ላይ የሚንጎራደደውን ባል በአኙዋክኛ መቆጣት ታውቅበታለች። ቤቷ ስትገባ ግን ድምጿ ይቀንሳል። ቤት ውስጥ የሚናገረው ወልደሥላሴ ነው፤ ወልደሥላሴ ደግሞ የሚናገረው ስለ ላንድሮቨሩ ነው።

ላንድሮቨሩን የመንግሥት ሠራተኛ ሳለ በጨረታ ነው የገዛው። በዕድሜ የእሙዬ እኩያ የሚሆን አሮጌ መኪና ነው፤ አያያዙ ግን ለየቅል ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህማ ሌላ ሥራ የለውም፤ ጠዋት ያጥበዋል፣ ከሰዓት በኋላ ይወለውለዋል፣ ማታ ሸራ ያለብሰዋል። እሙዬ ተረኛ ሆና አድራ እግሯ አብጦ በባጃጅ ስትመለስ፣ ላንድሮቨሩ ግቢ ውስጥ ሸራውን ተከናንቦ ተኝቶ ታገኘዋለች። «ለአጭር መንገድ ሞተር ማስነሳት ጥሩ አይደለም» ይላታል። ጎሬ እናቷን ልትጠይቅ ስትነሳም ሰበብ አይጠፋውም፤ አንድ ጊዜ ጎማው፣ አንድ ጊዜ ፍሬኑ፣ አንድ ጊዜ ዝናቡ። በአውቶቡስ ሄዳ በአውቶቡስ ትመለሳለች። ወንድሟ ሰብስቤ «ለመሆኑ ይሄ ላንድሮቨር በእውነት አለ?» እያለ ይቀልድባት ነበር። ቀልዱ ወልደሥላሴ ጆሮ ደርሷል። ወልደሥላሴ ደግሞ ቂም የሚረሳ ሰው አይደለም።

ዘንድሮ ግንቦት ላይ እናቷ ጠናባቸው። የጎሬ ብርድና ጭጋግ ደረታቸው ውስጥ ገብቶ ሌሊቱን ሙሉ ያስላቸዋል፤ ጉልበታቸውም እምቢ ካለ ቆይቷል። እሙዬ ቆረጠች። እናቷን ወደ ጋምቤላ ታወርዳቸዋለች፤ ሙቀቱ አጥንታቸውን ያፍታታል፣ እሷም በገዛ እጇ ታጥባቸዋለች፣ ታጎርሳቸዋለች። ልጆቿ አድገው የወጡበትን ክፍል አጽድታ አልጋ ዘረጋች፣ አጎበር ሰቀለች። የቀረው መኪና ነው። ለወልደሥላሴ ስትነግረው የተለመደውን እምቢታ እየጠበቀች ነበር።

«እሺ» አላት።

ጆሮዋን አላመነችም።

«ግን ሂተሩ ያፈሳል» አለ ቀጥሎ። እውነቱን ነው፤ አንድ ጊዜ ለሠርግ ኢታንግ ሲሄዱ የፈላ ውሃ እግሯ ላይ ሲንጠባጠብ ነበር የዋለው። «እናትሽ የሚቀመጡት ጋቢና ነው። አገሩም ብርድ ነው። አስወልቄ አስጠግነዋለሁ።»

እሙዬ አንጀቷ ራሰ። ሰውየው ለእናቷ እግር አሰበ! በማግስቱ ጤና ጣቢያ ለጠየቃትም ላልጠየቃትም አወራች።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ላንድሮቨሩ ሳኒ ጋራዥ ውስጥ ከኒም ዛፉ ሥር ቆመ። ሳኒ የዋህ መካኒክ ነው፤ ሚስቱ ራሂማ ከጋራዡ አጠገብ ሱቅ አላት።

«ጋሼ ወልደሥላሴ፣ ቱቦዎቹን ላገናኝልዎትና ይገላገሉ» አለ ሳኒ እንደ አገሩ ደንብ።

«የኔ መኪና ዕቃ ተቆርጦ አይጣልም!»

ሳኒ ሳቅ ብሎ ሥራውን ጀመረ። ውሃውን ከራዲያተሩ አፈሰሰ። ኮፈኑን ከፍቶ የቱቦዎቹን ማሰሪያ ፈታ፤ ቱቦዎቹ ብረቱ ላይ ደርቀው ተጣብቀው ስለነበር እያጣመመና እየተራገመ ነቀላቸው። ከዚያ ጋቢና ውስጥ በጀርባው ተንጋሎ ጭንቅላቱን ከዳሽቦርዱ ሥር ከተተ። የሂተሩ ሳጥን የታሰረበት አንዱ ቡሎን ዝጎ እምቢ አለ። ዘይት አጠጥቶት ሻይ ጠጥቶ ተመለሰ። እሙዬ የልብስ ማጠቢያ ሳህን ይዛ ከበሩ ሥር ተንበርክካለች፤ ወልደሥላሴ በላያቸው ቆሞ ይጮሃል። «ቀስ! ቀስ በል እንጂ አንተ! እንዳትጭረው! ቀስ!»

ድምፁ ውስጥ የነበረው ርኅራኄ እሙዬን አስቀናት። ልጆቹን ስታምጥለት በእንዲህ ያለ ድምፅ አንድም ቀን «ቀስ» ተብላ አታውቅም።

ሳጥኑ ሲወርድ ዝገት ያቀላው ውሃ ሳህኑ ውስጥ ተዘረገፈ። ሳኒ ሳጥኑን ፈቶ ከውስጡ የሂተሩን ትንሽ የመዳብ ራዲያተር አወጣ። እሙዬ በሁለት እጇ ተቀበለችው፤ ገና የተወለደ ሕፃን ያህላል። ጎኑ ላይ ተቀዷል። ሳኒ በእርሳስ ሊበይደው ሞከረ፤ አንዱን ሲደፍን ሌላው ይከፈታል። «ይሄ የጅማ ሰው ነው የሚፈልገው» አለ በመጨረሻ። በማግስቱ ማለዳ ዕቃው በጆንያ ተጠቅልሎ በአውቶቡስ ወደ ጅማ ተላከ።

እዚህ ላይ እሙዬ ያላወቀችውን ልንገራችሁ። እሷ ያወቀችው ኋላ፣ ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ፣ ራሂማ እያለቀሰች ስትነግራት ነው።

አውቶቡሱ በወጣበት በዚያው ማክሰኞ ጠዋት ሰብስቤ ለወልደሥላሴ ደወለለት። እናታቸው ሌሊቱን አርፈዋል። ለእህቱ አልደወለላትም፤ እንዲህ ያለ ነገር ለልጅ በስልክ አይነገርም። መርዶ የሚነገረው ሰው ተሰብስቦ፣ ስትወድቅ የሚይዛት ክንድ ተዘጋጅቶ ነው።

«እማዬ ጠንቶባታል ብለህ ይዘሃት ና» አለው ሰብስቤ። «ቀብሩን እስከ ነገ እናቆይላታለን። እሷ ሳትደርስ አፈር አናለብስም።»

ወልደሥላሴ «እሺ» ብሎ ቀጥታ ሳኒ ጋ ሄደ። ሳኒ ሲሰማ «ኢናሊላሂ» ብሎ የያዘውን ቁልፍ መሬት ላይ ጣለ።

«በሉ ቱቦዎቹን አሁኑኑ ላገናኝልዎት። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ከሰዓት ጎሬ ናችሁ።»

ወልደሥላሴ ወደ ጋቢናው ጎንበስ ብሎ ከዳሽቦርዱ ሥር የተከፈተውን ቀዳዳ አየ። ሽቦዎች ተንጠልጥለውበታል።

«እንዲህ ተቦርቡሮ?»

«ለቅሶ እኮ ነው ጋሼ! ማን ጎንብሶ ያያል?»

«ሰብስቤ ያያል። አገሩ ሁሉ ያያል። ዕድሜ ልካቸውን መኪና የለውም ሲሉኝ ኖረው፣ ዛሬ ጎዶሎ መኪና ይዤላቸው ልሂድ? ዕቃው ነገ ከነገ ወዲያ ይመጣል። ሴትዮዋ እንደሆኑ ሞተዋል፤ ከእንግዲህ የትም አይሄዱም።»

«እንግዲያው በአውቶቡስ ይላኳት።»

«እንዳትነግራት» አለ ወልደሥላሴ።

ሳኒ አልነገራትም። ለራሂማ ነገራት፤ ራሂማም ለእሙዬ አልነገረችም። የእድሩ ሰዎች ሰምተው መጡ፤ «አብረን ሄደን እናርዳት» ቢሉት፣ መኪናው ሲያልቅ እጠራችኋለሁ ብሎ መለሳቸው። ያወቀው ሁሉ አፉን ዘጋ። ክፉ ሆነው አይደለም፤ ወጉን ጠብቀው ነው። ይህ ወግ ለሐዘንተኛው ታስቦ የተሠራ ነው። ወልደሥላሴ ግን ለመኪናው ተጠቀመበት፤ እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

በቀብሩ ቀን እሙዬ ገበያ ወጥታ ማንጎ ስትመርጥ ዋለች። እናቷ ጥርስ ስለሌላቸው ጭማቂ የሆነውን፣ ክር የሌለውን እየደባበሰች ለየች። የሥራ ባልደረባዋ ኛጋይ የደረቀ ዓሣ አምጥታ ሰጠቻት።

«ለእናት ነው» አለቻት። «ቀቅይ፣ ብዙ ቀቅይ። ጥርስ የለም ችግር የለም፤ ይበላል።»

ኛጋይ ከሚያውቁት ውስጥ አልነበረችም። በዚያ ሳምንት እሙዬን ዓይን ለዓይን ያየቻት እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

ከገበያ ስትመለስ ሳሙናና ስኳር ልትገዛ ራሂማ ሱቅ ገባች። «ወልዴ ሂተሩን የሚያስጠግነው ለማን መሰለሽ?» አለቻት ፊቷ እየበራ። «እማዬ መንገድ ላይ እንዳይበርዳት እኮ ነው! ሰው በስተርጅና ይለወጣል ለካ።»

ራሂማ ወደ መደርደሪያው ዞረች። ሳሙናው ፊቷ ተደርድሮ ሳለ ብዙ ፈለገችው።

«ሲስተር፣ በአውቶቡስ ሂጂ» አለች ጀርባዋን እንደሰጠች። «ዛሬውኑ ሂጂ።»

«ከዚያ እማዬን በአውቶቡስ እያንገላታሁ ላምጣት? እሱ እንዲህ ለፍቶላት? አይሆንም።»

ራሂማ ሳሙናውንና ስኳሩን ጠቅልላ ሰጠቻት። እሙዬ ከወጣች በኋላ ሱቁን ዘግታ ከሳኒ ጋር ተጣላች፤ ሳኒም «መርዶ የኛ ሥራ አይደለም፤ የባሏና የወንድሟ ነው» ከማለት ሌላ የሚለው አልነበረውም።

ከሰዓት በኋላ እሙዬ ለወንድሟ ደወለች። ከኋላው የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል።

«ምንድን ነው እሱ ጫጫታ?»

ሰብስቤ ከሰዉ ራቅ አለ። «ጎረቤት ሠርግ አለ» አለ ኋላ። «አልተነሳችሁም እንዴ?»

«ሂተሩ ወልቋል። ተጠግኖ ሲመጣ እንነሳለን። እማዬ እንዴት ናት?»

«ተኝታለች።»

«ትተኛ፤ አትቀስቅሳት። መጣሁልሽ በላት።»

«እሙዬ፣ ቶሎ ነይ» አላት፤ ድምፁ ተሰብሮ ነበር። እሷ ጉንፋን መሰላት። ስልኩን ዘግቶ ወልደሥላሴ ጋ ቢደውል አላነሳለትም። ከድንኳኑ ፊት የቆሙት ቄስ ሰዓቱ እየሄደ ነው ብለው እንደገና ላኩበት። ሰብስቤ እስኪመሻሽ ድረስ መንገድ መንገዱን እያየ አቆያቸው፤ ከዚያ በላይ ማቆየት አልቻለም። እናቱን ያለ እህቱ ቀበረ።

የሂተሩ ራዲያተር ዓርብ አመሻሽ ላይ በአውቶቡስ መጣ። የጅማው ሰው አሳምሮ በይዶታል። ቅዳሜ ማለዳ ሳኒ ገጠመው፤ ቱቦዎቹን አሰረ፣ ውሃውን ሞላ፣ ሞተሩን አስነስቶ ማዞሪያውን ከፈተ። ከዳሽቦርዱ ሥር ሙቅ አየር ነፈሰ። ወልደሥላሴ እጁን እዚያ ላይ አድርጎ እንደ ልጅ ሳቀ። እሙዬ ሳኒን ስታመሰግን ሳኒ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ መሬት አየ። «ይሠራል» አለ ብቻ።

«ጥቁሩን ቀሚስሽን ልበሺ፤ መንገዱ ጭቃ ነው» አላት ባሏ። ለልብሷም አሰበላት! ለበሰች። የእድሩን ሰዎች አልጠራቸውም፤ በጭቃ እግራቸው መቀመጫውን እንዲያበላሹበት አልፈለገም።

ሜዳውን በመስኮት ነፋስ አለፉት። ወደ ጎሬ የሚያወጣውን የቡሬን ዳገት ሲጀምሩ ጭጋጉ ተቀበላቸው። ወልደሥላሴ መስኮቶቹን ዘጋና ሂተሩን ከፈተ። ሙቀቱ ከእግሯ ተነስቶ እስከ ጉልበቷ መጣ።

«ሞቀሽ?» አላት።

«ሞቀኝ። እግዜር ይስጥህ ወልዴ።»

ለእናቷ የያዘችውን ጋቢ አውጥታ እንዲሞቅ አየሩ ፊት ዘረጋችው። መንገዱን ሙሉ እያገላበጠች አሞቀችው። ስለ እናቷ ስታወራ እሱ «እ» እያለ ይነዳል። በትዳር ዘመኗ ባሏን እንደዚያ ቀን ወዳው አታውቅም። ኋላ ይቅር ማለት ያቃታት መዘግየቱን አይደለም፤ ይህችን ነው። የእናቷ መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ ያንን ሰው እንድትወደው ማድረጉን ነው።

ጎሬ ሲደርሱ ያካፋ ነበር። ወልደሥላሴ ከእናቷ ቤት ደጃፍ አቁሞ ሰው እንዲሰማው የመኪናውን ጥሩምባ ነፋ። ማንም በደስታ አልወጣም። ድንኳኑ ተነስቷል፤ ሣሩ ተረግጦ ጭቃ ሆኗል፤ ከአጥሩ ሥር የትላልቅ ጉልቻዎች አመድ በዝናብ ተቦክቷል። እሙዬ የማንጎ ዘንቢሏን ይዛ ወረደች፤ አመዱን አየች፤ ደጃፉን አየች። ሰብስቤ ጥቁር ለብሶ፣ ጢሙን አሳድጎ ከቤት ወጣ። ለአንድ ሰው ብቻ የዚህን ያህል እሳት አይነድም። ገባት።

ሰብስቤ እህቱን አልፎ ወደ ወልደሥላሴ ሄደ።

«ምን ሆነህ ነው?» አለው። «አስከሬን ይዘን እስኪመሽ ጠበቅን። ካህናቱን ለመንን። ሰልስቱ እንኳን ወጣ! ምን አግኝቶህ ነው?»

«ሂተሩ ወልቆ ነበር» አለ ወልደሥላሴ።

ግቢው ውስጥ የነበሩት ሴቶች ለልቅሶ የከፈቱትን አፍ እንደከፈቱ ቀሩ። ሞተሩ አልጠፋም፤ ሂተሩ ለባዶ ጋቢና ሙቀቱን ይነፋል።

እሙዬ አልወደቀችም። ማንጎዎቹን መሬት ላይ አስቀመጠችና «ውሰዱኝ» አለች። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወሰዷት። መቃብሩ ላይ ዝናቡ ትንንሽ ቦይ ቀዷል። የሞቀውን ጋቢ እንደታቀፈች ነበር፤ በእጇ ዳሰሰችው፤ ቀዝቅዟል። ያኔ ነው የጮኸችው። ስንት ዓመት ሙሉ ቤቷ ውስጥ የዋጠችው ድምፅ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ፤ እናቷንም፣ የሰጠችውን ምስጋናም፣ ያሞቀችውን ጋቢም እየጠራች አለቀሰች። ያስቻለው ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ሰብስቤ «እዚሁ ቅሪ» አላት። «ሰኞ ተረኛ ነኝ» ብላ ሄዳ ጋቢና ገባችና በሩን ዘጋች። ከእሱ ጋር መሄዷ ሁሉንም ገረማቸው። ወልደሥላሴም ያለፈለት መሰለው።

ሂተሩ እንደተከፈተ ቁልቁለቱን ወረዱ። ቡሬን ሲያልፉ ጭጋጉ ለቀቃቸው፤ ትንሽ ቆይቶ የቆላው ፀሐይ መስታወቱን አልፋ ገባች። ወልደሥላሴ ማዞሪያውን ሊዘጋ እጁን ዘረጋ። እሙዬ መዳፏን ማዞሪያው ላይ ጫነች።

«ተወው።»

«ሙቀት ውስጥ ገባን እኮ።»

«ገና አልሞቀኝም።»

ሳቀ መሰለ፤ ፊቷን ሲያይ ተወ። ጥቂት ሄደው መስኮቱን ሊያወርድ ሞከረ።

«መስኮቱን ከከፈትክ እወርዳለሁ» አለችው። ጮክ አላለችም፤ ምጥ ላይ ያለችን ሴት «አሁን ግፊ» በምትልበት ድምፅ ነው የተናገረችው። «ወርጄ ለሚያልፈው ሁሉ እናቴን ለምን እንዳልቀበርኩ እነግራለሁ። ንዳ።»

ነዳ። ሜዳው ላይ አየሩ ይንቀለቀላል። ከእግራቸው ሥር ሂተሩ ይተፋል፣ ከላይ ጣሪያው ይፋጃል። የወልደሥላሴ ሸሚዝ ደረቱ ላይ ተጣበቀ፤ ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ መንገዱን ጋረደበት። ውሃ አላት፤ አልሰጠችውም። እሷም ጥቁር ቀሚሷ በላብ ርሷል፤ ከንፈሯ ደርቋል፤ እጇ ግን ከማዞሪያው አልተነሳም። «እሙዬ፣ በእናትሽ» አላት አንድ ጊዜ። ወዲያው ያለውን ሰማና አፉን ዘጋ።

ከተማ ሲገቡ እኩለ ቀን ነበር። ሳኒ ከኒም ዛፉ ሥር ሆኖ መስኮቱ ተዘግቶ የሚመጣውን ላንድሮቨር ሲያይ ወደ አስፋልቱ ወጣ። ወልደሥላሴ አቆመ። ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቷል፤ ትንፋሹ ይቆራረጣል።

ሳኒ መስታወቱን አንኳኳ። «ጋሼ፣ ሂተሩ አልዘጋ አለ እንዴ?»

የመለሰችለት በተዘጋው መስታወት በኩል እሙዬ ናት።

«በደንብ ይሠራል ሳኒ፤ እጅህ ይባረክ» አለች። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። «ከተማውን አንድ ጊዜ እንዙረው። መኪናህን ሰው ይየው።»

ወልደሥላሴ ማርሽ አስገባ።